የለመንኩት ባይሆንስ? ተስፋዬን ምን ላይ ላድርግ?

ደክሞኛል_ግን_አለሁ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምትጽፉትን ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ከሰው መስማት ፈለግሁ።

አባቴ ታሞ ረጅም ጊዜ ተኛ። ቤተሰቡ በሙሉ ጾመ፣ ጸለየ፣ የጸሎት ሰዎች መጥተው እጃቸውን ጫኑበት። «ይነሣል» ተባልን። አልተነሣም። እሱን ቀብረን እንባችን ሳይደርቅ የታናሽ ወንድሜ ኩላሊት መሥራት አቆመ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ደሙ በቀጭኗ ቱቦ ወጥቶ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ፣ ተጣርቶ ሲመለስ አያለሁ። አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ ሰሞን ያንን ሰዓት በሙሉ እጸልይ ነበር። አሁን ማሽኑን አያለሁ፣ በቃ።

እግዚአብሔር የለም አላልኩም። ክርስቶስንም አልተውኩም። እንዲያውም የሚያስጨንቀኝ ማመኔ ነው፤ ባላምን ኖሮ «ለምን?» ብዬ የምጠይቀው ማንን ነበር? ግን ተስፋ የሚባለው ነገር ውስጤ አልቋል። ስልኬን ስከፍት «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው ኤርምያስ 29፥11 አበባ ላይ ተጽፎ ይመጣልኛል። የሚልኩልኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው፣ አውቃለሁ፣ ግን አንብቤ ዝም ብዬ እዘጋዋለሁ። አንዷ ደግሞ «እምነትሽን ፈትሺ፣ የጎደለ ነገር ይኖራል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ውስጥ ሰው ሲዘምር አፌ አልከፈት ይለኛል።

እባካችሁ «ሁሉም ለበጎ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ። በክርስቶስ ያለን ተስፋ አይናወጥም ሲባል ምን ማለት ነው? የእኔ ተናውጧል። የለመንኩት ባይሆንስ ምን ላይ ልቁም?

---

ቃሉን_ፈላጊ፦

እህቴ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። በአባትሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ወንድምሽንም ይማርልሽ።

አበባ ላይ ተጽፋ ከምትላክልሽ ጥቅስ ልጀምር። ጥቅሷ ምንም ጥፋት የለባትም፣ ከቦታዋ ተነቅላ መምጣቷ ነው ችግሩ። ኤርምያስ 29 ደብዳቤ ነው። የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 አካባቢ ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች ነው። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሺ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ታገኛለሽ። ሕዝቡ ፊት ቆሞ እግዚአብሔር በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉንም ይመልሳል አለ። ይህን መስማት ማን ይጠላል? ኤርምያስ ራሱ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው። ግን ቃሉ ከእግዚአብሔር አልነበረም።

ኤርምያስ የጻፈላቸው ሌላ ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ጸልዩ። ከዚያ ቁጥር 10 ላይ «ሰባ ዓመት» ይላል። አስቢው እስቲ። ያ ደብዳቤ ሲነበብ ከሰሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩትም ማለት ነው። «ፍጻሜና ተስፋ» የተባለው ደግሞ ለእነሱ ጭምር ነው!

ይህን የምነግርሽ ሸክም ልጨምርብሽ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ተስፋቸውን ቀን ላይ ቢያስሩት ኖሮ ሁለት ዓመቱ ሲያልፍ አብሮ ያልቅ ነበር። የተነገራቸው ግን «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» ነው። የሚያውቀው እሱ ነው። እነሱ ገና አያውቁም። ባያውቁም በዚያው ባዕድ አገር አትክልታቸውን እየተከሉ እንዲኖሩ ተነገራቸው። እኛ ብዙ ጊዜ ተስፋችንን ከአንድ ውጤት ጋር እናስረውና፣ ፈውስም ይሁን ሥራ ወይም ትዳር፣ እምነት ያልነው እሱን ይሆናል። ውጤቱን መለመን ተገቢ ነው፣ ለምኚ፣ አጥብቀሽ ለምኚ። የምትቆሚበት መሬት ግን እሱ ከሆነ አንድ የምርመራ ወረቀት ያፈርሰዋል።

«የእኔ ተናውጧል» ላልሽው ደግሞ ዕብራውያን 6፥19ን አንብቢ። ተስፋችን የነፍስ መልሕቅ ነው ይላል። መልሕቅ የጣለ መርከብ ማዕበል አይነካውም አልተባለም። ይወዛወዛል፣ ውስጡ ያለውም ሰው ያቅለሸልሸዋል። መልሕቁ ግን የተያዘው መርከቡ ላይ አይደለም። ቃሉ «ወደ መጋረጃውም ውስጥ የገባ ነው» ይላል፣ ኢየሱስ ቀድሞ የገባበት። ስለዚህ ውስጥሽን ስትፈትሺ ተስፋ ብታጪ አትደንግጪ። መጀመሪያውኑ አንቺ ውስጥ አልተቀመጠም።

---

በቃሉ_ኃይል፦

በእውነት ልብ የሚነካ ነው እህቴ። አብሬሽ እጸልያለሁ። ግን ከላይ የተጻፈው ትንሽ ያስፈራኛል። ተአምር አትጠብቂ እያልናት እንዳይሆን! እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳል። እኔ ራሴ ሐኪም ተስፋ የቆረጠባትን ሰው ስትነሣ አይቻለሁ። በአፍሽ ሕይወትን ተናገሪ፣ በወንድምሽ ላይ ፈውስን አውጂ። ሞትን አስቀድመን ከተቀበልን እምነት ምን ይሠራል?

---

አንድ_አባት፦

ልጄ፣ ሰላም ነሽ?

እኔ ባለቤቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ። ስልኳን እስካሁን አላጠፋሁትም። ባትሪው እንዳያልቅ ማታ ማታ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ለምን እንደማደርገው ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም። እንዲህ ሆኜ አምናለሁ፣ ተስፋም አለኝ። ሁለቱ አብረው የሚኖሩ ነገሮች እንደሆኑ እንድታውቂ ብዬ ነው።

በቃሉ ኃይል የሚለው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይፈውሳል ማለትህ እውነት ነው። እኔም አሜን እላለሁ። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ረጋ ብለህ አንብበው። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። አንድ ቁጥር ነው የተጻፈለት፣ አለቀ። ከዚያ ጴጥሮስን ያዘው፣ አሥራ ስድስት ወታደር እንዲጠብቀው አደረገ። ቤተ ክርስቲያን ጸለየች። መልአክ መጣ፣ ሰንሰለቱ ወደቀ፣ የብረቱ በር በራሱ ተከፈተ። አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ጉባኤ፣ አንድ ጌታ። ያዕቆብ ከጴጥሮስ ያነሰ እምነት ነበረው? ለያዕቆብ አልጸለዩለት ይሆን? በጭራሽ እንዲህ አይልም።

ደግሞ ጴጥሮስ ተፈቶ ሲመጣ የሆነውን እይ። በር ሲያንኳኳ ሮዴ የምትባል ልጅ ድምፁን ለይታ ደስታ አሰከራትና በሩን እንኳ ሳትከፍት ሮጣ ነገረቻቸው። ሲጸልዩ የነበሩት ሰዎች ምን አሏት? አብደሻል! ለጴጥሮስ እየጸለዩ የነበሩት እነሱ ናቸው እኮ። መልሱ በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ አላመኑም። እግዚአብሔር ግን እምነታቸውን በሚዛን ሰፍሮ አልነበረም ጴጥሮስን ያወጣው። ስለዚህ ልጄ፣ «እምነትሽን ፈትሺ» ያለችሽ እህት ክፉ አስባ አይመስለኝም፣ ግን የጫነችብሽ ሸክም የአንቺ አይደለም። አውርጂው። አባትሽ የሞተው አንቺ አጉድለሽ አይደለም።

ወንድሙ የተገደለበት ዮሐንስስ? በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ራእይን የጻፈው እሱ ነው። እግዚአብሔር እንባን ሁሉ ከዓይናቸው ያብሳል፣ ሞትም ከእንግዲህ ወዲህ አይሆንም የሚለውን ቃል የጻፈልን ወንድሙን በሰይፍ ያጣ ሰው ነው። በባዶ ሜዳ ተቀምጦ የጻፈው አይመስለኝም።

«ምን ላይ ልቁም?» ብለሻል። እኔ የቆምኩበትን ልንገርሽ። አንድ መቃብር ባዶ ሆኗል። ጳውሎስ በቆሮንቶስ አንደኛ 15 ላይ አይደባብቅም፤ ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ነው፣ እኛም ከሰው ሁሉ ይልቅ ምስኪኖች ነን ይላል። ሁሉንም ነገር እዚያ ላይ ነው የጣለው። እኔም እንደዚያው። ባለቤቴ ከአልጋዋ አልተነሣችልኝም። ግን ኢየሱስ ከተነሣ እሷ ጠፍታ አልጠፋችም፣ አባትሽም እንደዚሁ። ይሄ ማታ ማታ ቤት ስገባ የሚሰማኝን ባዶነት አያስቀረውም። ጌታም እኮ አልዓዛርን ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፈሰሰ። እሱ ካለቀሰ አንቺን ማን ይከለክልሻል?

---

የሌሊት_ተረኛ፦

እኔ ነርስ ነኝ። የመንፈሳዊውን ነገር ሌሎቹ ብለውታል። እኔ ሌላ ልጠይቅሽ፤ እንቅልፍ ትተኛለሽ? ምግብ በሰዓቱ ትበያለሽ?

አይግረምሽ። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ኤልያስ የክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ከአንድ ምዕራፍ በፊት ከሰማይ እሳት ያወረደ ሰው ነው! እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። ስብከት አልሰበከለትም። እንዲተኛ ተወው። መልአኩ ነካ አድርጎ «ተነሥተህ ብላ» አለው፣ የተጋገረ እንጎቻና ማሰሮ ውኃ ራስጌው ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። ለሁለተኛ ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ወሬ የተጀመረው።

ታማሚ የሚያስታምሙ ሰዎችን በየቀኑ አያለሁ። ታማሚው ተኝቶ እነሱ ወንበር ላይ ያነጋሉ፣ ከዚያ «እምነቴ ጠፋ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የጠፋው እንቅልፍ ነው። ደግሞ ድባቴ የሚባል ሕመም አለ። ስሜትሽ ወድቆ፣ ምንም ነገር ደስ አላሰኝሽ ብሎ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ ለባለሙያ መናገር አለብሽ። ይታከማል። ወንድምሽ ለኩላሊቱ ማሽን ላይ መተኛቱን እምነት ማጣት አላልነውም አይደል? የአእምሮም ሕመም እንደዚሁ ነው። መኖር አስጠልቶሽ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበዪ፣ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪና ወደ ሕክምና ሂጂ።

በሳምንት ሦስት ቀን ሁሉንም አንቺ ብቻ አትሂጂ። አንዱን ቀን ለሌላ ሰው ስጪ። ጥቅስ ለሚልኩልሽ ሰዎች «አመሰግናለሁ፣ ማክሰኞ ወንድሜ ጋ ተቀመጥልኝ» ብለሽ መልሺላቸው። የሚወዱሽ ከሆኑ ይመጣሉ።

---

ደክሞኛል_ግን_አለሁ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የያዕቆብንና የጴጥሮስን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ግን አንድ ምዕራፍ ውስጥ መሆናቸውን ልብ ብዬው አላውቅም። አንብቤው ብዙ አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም፣ ቀለል አለኝ።

የሌሊት ተረኛ፣ እንቅልፍ የለኝም። ልክ ነሽ። መኖር አስጠልቶኝ አያውቅም፣ ግን ሁለት ሳምንቱ ካለፈ ቆይቷል። ሰው አናግራለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። አንደኛ፣ ልጸልይ ስንበረከክ ቃል አይመጣልኝም። ምን ልበል? ሁለተኛ፣ ወንድሜ ባለፈው ማሽኑ ላይ እያለ «እድናለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለኝ። ወሬ ቀየርኩበት። ደግሞ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው? መዋሸት አልፈልግም፣ ተስፋ ማስቆረጥም አልፈልግም።

---

ማለዳ_ጠባቂ፦

አሁን ነው ያየሁት፣ እኔም የጸሎቱ ጉዳይ ላይ ልጨምር።

ቃል ሲጠፋ የተጻፈ ቃል ተዋሽ። መዝሙረ ዳዊት እኮ ግማሹ እንዲህ ላለ ሰው የተጻፈ ነው የሚመስለው። መዝሙር 13 «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስድስት ቁጥር ብቻ ናት፣ ትንፋሽ አያሳጥርም። መዝሙር 88ን (አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ 87 ነው) ደግሞ ስትብሺ ክፈቺው። እሱ መጨረሻው እንኳ አያምርም፣ በጨለማ ነው የሚዘጋው። እንዲህ ዓይነት ጸሎት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መግባቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እግዚአብሔር እንዲህ ሆነሽ እንድትመጪ ፈቅዷል ማለት ነው። ጌታ ራሱ መስቀል ላይ ሆኖ «አምላኬ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» ሲል የጮኸው ከመዝሙር 22 ነው። እሱም የተጻፈ ቃል ነበር ያነሣው።

ሰቆቃወ ኤርምያስንም ተመልከቺ። አምስት ምዕራፍ ነው፣ ኢየሩሳሌም ከፈረሰች በኋላ የተለቀሰ ልቅሶ። ምሕረቱ ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው የሚለው የምንወደው ቃል ምዕራፍ 3 ላይ ነው፣ እምብርቱ ላይ። ሰው እዚያ ላይ ልቅሶው ያለቀ ይመስለዋል። አያልቅም። ገልብጠሽ ምዕራፍ 4ን ስታነቢ ተመልሶ ያለቅሳል፣ መጨረሻውም ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ ተስፋ ተሰምቶሽ ነገ ጠዋት ጥፍት ቢልብሽ ወደ ኋላ ተመለስኩ አትበዪ። መጽሐፉም እንደዚያ ነው የሚሄደው።

ጉባኤ ውስጥ አፌ አልከፈት አለኝ ላልሽው፣ ዝም ብለሽ ቁሚ። ሌሎቹ ይዘምሩልሽ። አንድ ሽባ ሰውዬ ነበር፣ ጓደኞቹ አራት ሆነው ተሸክመው ጣራ ነድለው ጌታ ፊት ያወረዱት። ማርቆስ 2 ላይ ነው። ኢየሱስ «እምነታቸውን አይቶ» ነው የሚለው። የእነሱን እምነት። ሰውዬው ራሱ አንድ ቃል ሲናገር አልተጻፈም። አንቺም አሁን አልጋ ላይ ያለሽ ነሽ፣ ተራው የተሸካሚዎቹ ነው።

ቦንሆፈር የሚባል ጀርመናዊ ፓስተር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ናዚዎች ያሰሩት። ገና በታጨ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው የተያዘው። በዚያው ዓመት ለገና በዓል እስር ቤት ውስጥ አብረውት ለታሰሩት ሰዎች ጸሎት ጻፈላቸው፣ ራሳቸው ቃል ላጡት። እሱ ራሱ አልተፈታም፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው በሚያዝያ 1945 ሰቀሉት። ቃል ያለው ለሌለው ሲያውስ የኖረ ነገር ነው ለማለት ነው።

---

በቃሉ_ኃይል፦

አንድ አባት፣ የሐዋርያት ሥራ 12ን አነበብኩት። ያዕቆብ ላይ ብዙ ቆየሁ። ተአምር መጠበቄን አልተውም፣ ግን ለእህቴ ሸክም እንዲሆንባት አልፈልግም። እህቴ፣ አንቺ ብትደክሚ እኔ ለወንድምሽ ፈውስ መለመኑን እቀጥላለሁ። አንቺ ተኚ።

---

አንድ_አባት፦

አዎ ወንድሜ፣ ለምን። እኔም እለምናለሁ።

ልጄ፣ ስለ ወንድምሽ የጠየቅሽው። ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ ትንቢት ፈልጎ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነው ወይ የምፈራው ለማለት ነው። ባለቤቴም ጠይቃኝ ነበር። «አላውቅም፣ እኔም እፈራለሁ፣ ግን እንድትድኚ በየቀኑ እለምነዋለሁ» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የልባችንን ማውራት የጀመርነው፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀብሯ ሳይቀር፣ የምትወደውን መዝሙር ሁሉ ነገረችኝ።

አንቺም አላውቅም በይው። ሐኪሞቹ ያሉትን ሳትደብቂ ንገሪው፣ ንቅለ ተከላ የሚቻል ከሆነም አብራችሁ ጠይቁ፣ እሱም የተስፋ ሥራ ነው። ከዚያ ሦስቱ ወጣቶች እቶኑ ፊት ያሉትን አንብቢለት፣ ዳንኤል 3። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፣ ባያድነንም እንኳ ለጣዖቱ አንሰግድም። «ይችላል» እና «ባያድነንም» አንድ ትንፋሽ ላይ ነው ያሉት፣ አንዱን ለሌላው አልሸጡትም። እቶኑ ውስጥ ደግሞ ሦስት ተጥለው አራት ታዩ። እሱን አንብቢለትና አንተስ ምን ታስባለህ ብለሽ ጠይቂው። አራት ሰዓት አላችሁ፣ አትቸኩሉ። እሱም የሚለው ይኖረዋል።

ሲመችሽ እንዴት እንደሆነ ጻፊልን። የወንድምሽን ስም አልጠይቅሽም፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ «የእህታችን ወንድም» እያልኩ እጸልይለታለሁ።